የአይጥ ኮክሊያ ላይ ሲናፕስ ስቆጥር ቁጥሩ ከእንስሳ እንስሳ ለምን ይለያያል?

ማህሌት_ኒ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአይጥ ኮክሊያ (ጠመዝማዛው የውስጥ ጆሮ ክፍል) ውስጥ፣ በውስጠኞቹ ፀጉር ሴሎችና በመስሚያ ነርቭ ጫፎች መካከል ያሉትን ሲናፕሶች (መገናኛ ነጥቦች) እየቆጠርኩ ነው። ዘዴው የተለመደው ነው። አጥንቱን አለስልሼ፣ የኮርቲን አካል (ፀጉር ሴሎቹ ያሉበትን ክፍል) በቁርጥራጭ አውጥቼና ዘርግቼ በሦስት አንቲቦዲ አቀልማለሁ። ሲቲቢፒ2 በሴሉ በኩል ያለውን ሪበን (የነርቭ መልእክት ከረጢቶችን የሚይዘውን ጥቃቅን መዋቅር) ያሳያል፣ ግሉኤ2 በነርቩ በኩል ያለውን የግሉታሜት ተቀባይ፣ ማዮሲን 7ኤ ደግሞ የሴሉን አካል። ሪበንና ተቀባይ ተጣምረው ሲታዩ አንድ ሲናፕስ ብዬ እይዛለሁ።

እንስሶቹ የሲቢኤ/ሲኤጄ ዝርያ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 10 ሳምንት፣ ለጩኸት ያልተጋለጡ። በኤቢአር (የመስሚያ ነርቭና የአንጎል ግንድ ለድምፅ የሚሰጡትን ምላሽ በሚለካው ፈተና) ሲለኩ ሁሉም ደህና ይሰማሉ። ሆኖም በ16 ኪሎኸርዝ አካባቢ አንዱ ላይ በአንድ ሴል በአማካይ 17 ሲናፕስ ሲወጣ ሌላው ላይ 10 ብቻ ይወጣል። በዚህ ልዩነት ላይ ሆኜ ለጩኸት የተጋለጡትን ማወዳደር አልችልም።

የማያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሲቲቢፒ2 ኒውክሊየሱንም አብሮ ያበራዋል፣ ስለዚህ አጠገቡ ያሉ ሪበኖች ይዋጣሉ። ግሉኤ2 በቁርጥራጩ ዳርና ዳር ጥርት ብሎ መሃል ላይ ይደበዝዛል። በኮክሊያው ግርጌ ያለችው መንጠቆ መሰል ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሰብራ ትቀራለች።

አሁን የምሠራበት መንገድ፦ ኮክሊያውን ከራስ ቅሉ አውጥቼ 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ውስጥ በ4 ዲግሪ አሳድራለሁ፣ ከዚያ 120 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ካልሲየሙን አውጥቶ አጥንቱን የሚያለሰልስ) ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ዲሴክሽንና ቀለም። ከየት ልጀምር?


ሞዲዮለስ፦

እህት ማህሌት፣ ወደ አንቲቦዲው ከመሄድሽ በፊት ፊክስ አደራረግሽን (ሕብረ ሕዋሱን በኬሚካል ባለበት ማቆየቱን) አስተካክዪ። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ከሚታዩት ችግሮች አብዛኞቹ ቀለሙ ከመነካቱ በፊት የተፈጠሩ ናቸው።

ኮክሊያው በአጥንት የታሸገ ነው። ሙሉውን ፓራፎርማልዴሃይድ ውስጥ ስትከቺው ፈሳሹ በአጥንቱ በኩል በጣም በዝግታ ነው የሚገባው፣ መሃለኛው ዙር ደግሞ መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። እስከዚያው ድረስ ሴሎቹና የነርቭ ጫፎቹ መበላሸት ይጀምራሉ። በተለይ የነርቭ ጫፎቹ ደም ከተቋረጠባቸው ቶሎ ያብጣሉ። በሌላ በኩል ውጭ ውጭው ያለው ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ፊክስ ሲደረግ ያድርና ከልክ ያልፋል። አንዱ ኮክሊያ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ችግር ይኖርሻል ማለት ነው።

መፍትሔው ፈሳሹን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። እንስሳው በጥልቅ ማደንዘዣ ላይ እያለ በልብ በኩል መጀመሪያ ደሙን እጠቢ፣ ቀጥለሽ 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ በፎስፌት በፈር፣ ፒኤች 7.4፣ አሳልፊ። ከዚያ የመሃል ጆሮውን አጥንት ክፈቺና ስቴፕስን ከሞላላው መስኮት አንሺ፣ የክቡን መስኮት ሽፋን ብሺ፣ በኮክሊያው ጫፍ ላይ በቀጭን መርፌ ትንሽ ቀዳዳ አውጪ። በጠባብ ፒፔት ፊክሱን በሞላላው መስኮት በኩል ቀስ አድርገሽ ግፊ፤ በጫፉ ቀዳዳ ብቅ ሲል ታዪዋለሽ። ቀስ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግፊቱ ከበዛ የራይስነር ሽፋን ይቀደዳል፣ ፀጉር ሴሎችም ከቦታቸው ይነቀላሉ። ከዚያ በኋላ በክፍል ሙቀት ከ1 እስከ 2 ሰዓት በቂ ነው። ማሳደሩን ተዪው። ሲቲቢፒ2 ማደርን ይችላል፣ ግሉኤ2 ግን አይችልም።

ኢዲቲኤውም በዝቷል። ለጎልማሳ አይጥ በክፍል ሙቀት፣ በዝግታ በሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ ከ2 እስከ 3 ቀን ይበቃል፣ ፈሳሹ በየቀኑ ከተቀየረ። ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ዳይሃይድሬት ከሆነ የያዝሽው ለ1 ሊትር 44.7 ግራም ነው። ሲቀላቀል ፒኤቹ ወደ አሲድ ስለሚያደላ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7.4 መልሺው። ይህን ረስቶ መዝለል ቀላል ነው፤ አሲዳማ ኢዲቲኤ ካልሲየምን በደንብ አይዝም፣ ሕብረ ሕዋሱንም ይጎዳል። ለማፍጠን ብለሽ ወደ ጠንካራ አሲድ አትሂጂ፣ አንቲቦዲው የሚይዘውን ነገር ያጠፋብሻል።

መድረሱን ለማወቅ ቀን አትቁጠሪ፣ አጥንቱን ሞክሪው። በቬስቲቡሉ (ከኮክሊያው ጋር በተያያዘው የሚዛን ክፍል) በኩል ያለውን ወፍራም አጥንት በፎርሴፕስ ጫን ስትዪው እንደ ላጲስ ተጣጥፎ የሚመለስ ከሆነ ደርሷል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ገና ነው፤ በዚህ ጊዜ ብትቆርጪ ስንጥቁ ባዚላር ሜምብሬኑን ይዞት ይሄዳል። ከልክ በላይ ከለሰለሰ ደግሞ ቁርጥራጩ ቅርጹን አይጠብቅም፣ ተጠማዞ ይተኛል።

አሁን ዲሴክሽኑ። ሲልጋርድ የፈሰሰበት ሰሃን፣ ፒቢኤስ (የጨው በፈር)፣ 5 ቁጥር ዱሞ ፎርሴፕስ፣ ትንሽ የስፕሪንግ መቀስ፣ በመያዣ የተያዘ የምላጭ ስብርባሪ። ከቬስቲቡሉ የተወሰነ አጥንት አስቀሪ፣ እንደ መያዣ ይጠቅምሻል። መንጠቆዋ የምትጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ይህች ክፍል በክቡ መስኮት ሥር ታጥፋ የምትገባ ስለሆነች ቬስቲቡሉን ጥግ ድረስ የቆረጠ ሰው ሳያያት አብሮ ይጥላታል። መጀመሪያ ኮክሊያውን በዘንጉ በኩል በምላጩ ለሁለት ክፈዪ። በአንድ ምት ነው የሚቆረጠው፣ መጋዝ የለም። ከዚያ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር ከመሃሉ ዘንግ ለይተሽ አውጪ፣ መንጠቆዋን ከክቡ መስኮት ጠርዝ አለፍ ብሎ በሚያልፍ ቁርጥ ለብቻዋ ያዣት። በአጠቃላይ 5 ወይም 6 ቁራጭ ይወጣል።

በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የጎኑን ግድግዳ፣ ማለትም ስትሪያውንና ስፓይራል ሊጋመንቱን፣ አሳጥረሽ ቁረጪ። ካልቆረጥሽው ቁራጩ ጠፍጣፋ ሆኖ አይተኛም። የራይስነርን ሽፋን አንሺ። ቴክቶሪያል ሜምብሬኑን ደግሞ ከሊምበሱ ጠርዝ ይዘሽ በርዝመቱ ግፈፊው። እሱ ከቀረ አንቲቦዲውን ይይዛል፣ ከላይም ያበራል። መሃል ላይ ደብዛዛ ነው ያልሽው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሲቆረጥ ዳርና ዳሩ ላይ ሜምብሬኑ በራሱ ይነሳል፣ መሃል ላይ ግን ተቀምጦ ይቀራል።


ዶ/ር_ሂስቶ፦

ሞዲዮለስ ያለው ትክክል ነው። እኔ ስለ ቀለሙ ልጨምር።

ኒውክሊየሱ መብራቱ ስህተት አይደለም። ሪበኑን የሚሠራው ፕሮቲን ራይብአይ ይባላል፤ ግማሹ ክፍል ሲቲቢፒ2 ከተባለው የኒውክሊየስ ፕሮቲን ጋር አንድ ነው፣ ከአንድ ጂን ይመነጫሉ። አንቲቦዲው ሁለቱንም መያዙ አይቀርም። እንዲያውም ጠቃሚ ነው፤ የሴሎቹን ቁጥር በኒውክሊየሶቹ ትቆጥሪበታለሽ። ጥፋቱ ያለው ሁሉንም ጥልቀት በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ጨፍልቆ ማየት ላይ ነው። በሦስቱም አቅጣጫ ከታየ ኒውክሊየሱ ትልቅ ነው፣ ሪበኑ ከ1 ማይክሮሜትር በታች ነው፤ በመጠን ብቻ ይለያያሉ።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙ ላብራቶሪ የሚጠቀምባቸው የሲቲቢፒ2 እና የግሉኤ2 አንቲቦዲዎች ሁለቱም ከአይጥ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያው አይጂጂ1 የተባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ነው፣ ሁለተኛው አይጂጂ2ኤ። ሁለተኛ ደረጃ አንቲቦዲሽ (በመጀመሪያው ላይ ተጣብቆ የሚያበራው) ይህን የሚለይ መሆን አለበት፤ አንዱ ፀረ-አይጂጂ1 በአሌክሳ 568፣ ሌላው ፀረ-አይጂጂ2ኤ በአሌክሳ 488። ዝም ብሎ «ፀረ-አይጥ» የሚል ከተጠቀምሽ ሁለቱንም ይይዝና ሪበኑ ሁሉ ተቀባይ ያለው ይመስላል። ይህ ክፉ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ምስሉ በጣም ያምራል። ለማረጋገጥ አንድ ቁራጭ በሲቲቢፒ2 ብቻ፣ አንድ ቁራጭ በግሉኤ2 ብቻ አቅልሚና ሁለቱንም የሁለተኛ ደረጃ አንቲቦዲዎች ጨምሪባቸው። በሌላኛው ቻናል ምንም መታየት የለበትም።

ሕብረ ሕዋሱም የአይጥ ስለሆነ በደም ሥሮች ውስጥ የቀረው የእንስሳው የራሱ አይጂጂ ይቀለማል። ደሙን በልብ በኩል ማጠብ ለዚህም ይጠቅማል።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቁራጮቹን በ30 በመቶ ሱክሮዝ አርሰሽ በደረቅ በረዶ ላይ አቀዝቅዢ፣ መልሰሽ አሟሚ። ይህ ሕብረ ሕዋሱን ለአንቲቦዲ ይከፍተዋል። በፒቢኤስ አጥበሽ 5 በመቶ የፈረስ ሴረምና ትራይተን ኤክስ-100 ባለበት ፒቢኤስ ለ1 ሰዓት ብሎክ አድርጊ (አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ)። የመጀመሪያ ደረጃ አንቲቦዲዎቹ በ37 ዲግሪ ያድራሉ። ሲቲቢፒ2 በ1 ለ200፣ ግሉኤ2 በ1 ለ2000፣ ማዮሲን 7ኤ በ1 ለ200 ጥሩ መነሻ ናቸው፣ አዲስ ጠርሙስ በገባ ቁጥር ግን እንደገና ይፈተናል። ሁለተኛ ደረጃውን በ37 ዲግሪ 1 ሰዓት፣ ከዚያ አዲስ ቀላቅለሽ ሌላ 1 ሰዓት። በየመሃሉ በሚገባ ማጠብ። በ37 ዲግሪ ሲያድር ሳህኑ እንዳይደርቅ እርጥብ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ጠርዙ የደረቀ ቁራጭ ጠርዙ ላይ ብቻ ያበራል፣ እሱም የአንቺን «ዳርና ዳር» ሊመስል ይችላል።

ስላይድ ላይ ስታስቀምጪ የፀጉሮቹ ጫፍ ወደ ከቨር ስሊፑ ይዙር። ከቨር ስሊፑ 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ማለትም 1.5 ቁጥር ይሁን። ተገልብጦ የተቀመጠ ቁራጭ ላይ ሌንሱ ሪበኖቹን የሚያየው በሌላ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ አልፎ ነው፤ አረንጓዴው ቻናል ቀድሞ ይደክማል፣ ግሉኤ2ሽ ደግሞ ያለው እዚያ ነው።


ሞዲዮለስ፦

ዶክተር፣ በማቀዝቀዙ ላይ ትንሽ ልለይ። ካልሲየሙ በደንብ የወጣና በቀጭኑ የተከረከመ ቁራጭ ላይ 1 በመቶ ትራይተን ብቻውን ይበቃል። ማቀዝቀዙ ሱክሮዙ ውስጥ እስኪገባ ካልተጠበቀ የበረዶ ቅንጣት የውጭ ፀጉር ሴሎቹን ይሰነጥቃል።


ዶ/ር_ሂስቶ፦

ለዚያ ነው ቁራጩ ወደ ሱክሮዙ ግርጌ እስኪሰምጥ መጠበቅ ያለበት። የነርቭ ክሮቹ የሚያልፉበት የስፓይራል ላሚና በኩል ወፍራም ስለሆነ ያለ ማቀዝቀዝ ሥራ ሲሠራ ከዚያ በኩል ያለው ግሉኤ2 ይደክማል። ማህሌት ሁለቱንም በአንድ እንስሳ ግራና ቀኝ ጆሮ ላይ ብትሞክረው በአንድ ጊዜ መልስ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ግን አንዱን መርጦ በሁሉም ላይ መጽናት ነው።


ስፓይራል_ካርታ፦

ሁለታችሁም ያላነሳችሁትን ላንሳ። መንጠቆዋ መጥፋቷ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ «16 ኪሎኸርዝ» የሚለውን ስም ራሱን ታዛባለች።

በአይጥ ኮክሊያ ላይ ቦታንና ድግግሞሽን የሚያገናኘው በ2005 የወጣው የሙለርና ባልደረቦቹ ካርታ ነው። ከግርጌ ጀምሮ ያለው ርቀት በመቶኛ = 156.5 − 82.5 × ሎግ (ድግግሞሽ በኪሎኸርዝ)። ሎጉ በ10 ነው። በዚህ መሠረት 8 ኪሎኸርዝ 82 በመቶ ላይ፣ 16 በ57 በመቶ፣ 32 በ32 በመቶ ላይ ይውላል። መቶኛ ስለሆነ ሙሉው ርዝመት መታወቅ አለበት፤ መንጠቆዋ ከጎደለች ግርጌው ያለበት ቦታ ተንሸራትቷል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። እውነተኛው ርዝመት 5.6 ሚሊሜትር ነው እንበል፣ 0.4 ሚሊሜትር መንጠቆ ጠፍቷል፤ ሲለካ 5.2 ይሆናል። 32 ኪሎኸርዝ ብለሽ ከ5.2 ላይ 32.3 በመቶውን ስትሄጂ 1.68 ሚሊሜትር ላይ ትቆሚያለሽ። ከእውነተኛው ግርጌ ሲታይ ግን ቦታው 2.08 ሚሊሜትር፣ ማለትም 37.1 በመቶ ነው። ወደ ድግግሞሽ ሲመለስ 28 ኪሎኸርዝ። በ45 ኪሎኸርዝ ላይ የሚገኘው ስህተት ከዚህም ይብሳል፣ 38 አካባቢ ያርፋል። 16 ላይ ያለው ትንሽ ነው፤ 14.7 ይሆናል።

ስለዚህ እህት ማህሌት፣ የ17 እና የ10 ልዩነት በካርታው ብቻ አይገለጽም። በመሃለኛው ዙር የሲናፕስ ቁጥር ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ወደ ላይኛው ድግግሞሽ ስትሄጂና ከጩኸት በኋላ ስታወዳድሪ ግን ካርታው ይበላሻል፣ ጉዳቱ ያለውም እዚያው ነው።

አለካኩ ላይ፦ ከቀለሙ በኋላ ሁሉንም ቁራጭ በዝቅተኛ ማጉያ ፎቶ አንሺ። በኢሜጅጄ ላይ በውስጥና በውጭ ፀጉር ሴሎች መካከል፣ በፒላር ሴሎቹ ራስ ላይ፣ የተጠማዘዘ መስመር አስምሪ። ሁልጊዜ በዚያው መስመር። በውስጠኞቹ ላይ ያሰመረና በውጨኞቹ ላይ ያሰመረ ሰው የተለያየ ርዝመት ያገኛል፣ ጠመዝማዛ ስለሆነ። የቁራጮቹን ቅደም ተከተል በዲሴክሽኑ ሰዓት ጻፊ፣ በኋላ ከቅርጻቸው ለመገመት አይመችም። መስመሮቹን ደምሪ፣ ከዚያ የምትፈልጊውን ድግግሞሽ ምልክት አድርጊበትና ኮንፎካሉን እዚያ ውሰጂው። ምልክቱ በቁርጥ ጠርዝ ላይ ከወደቀ ቦታውን ተዪው፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ጥቂት ሴሎች በምላጩ ተጎድተዋል፣ ቁጥራቸው አይታመንም።


ማህሌት_ኒ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ዶክተር እንዳሉት አየሁት፤ ሁለተኛ ደረጃ አንቲቦዲዎቼ አይጂጂ1 እና አይጂጂ2ኤን የሚለዩ ናቸው፣ እዚያ ላይ ችግር የለም። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። የሁለቱን እንስሶች ምስሎች እንደገና ስከፍት ሪበኖቹን ብቻ ብቆጥር 17.6 እና 16.9 ይወጣል። የተጣመሩት ግን 17 እና 10 ናቸው። ይህ ምን ይነግረናል? ደግሞስ በሶፍትዌር መቁጠር ይሻላል ወይስ በዓይን?


ስፓይራል_ካርታ፦

መልሱን ራስሽ አገኘሽው። ሪበኖቹ እኩል ናቸው፣ የጎደለው ግሉኤ2 ነው። ጤነኛና ወጣት እንስሳ ላይ ተቀባይ የሌለው ሪበን ጥቂት ብቻ ነው የሚገኘው፣ በአንድ ሴል 7 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛው እንስሳ ሲናፕስ አልጎደለውም፣ ቀለም ነው የጎደለው። ሞዲዮለስ ስለ ፊክስ ያለውን አስቀድሚ።

ይህን ፍተሻ በእያንዳንዱ ኮክሊያ ላይ አድርጊው። ሪበን በሴል፣ ጥምር በሴል፣ ብቸኛ ሪበን በመቶኛ፤ ሦስቱን ለየብቻ መዝግቢ። ሪበኖቹ ራሳቸው ካነሱ መጀመሪያ ምስል አነሳሱን ጠርጥሪ። አብዛኛውን ጊዜ ስታኩ (በጥልቀት ተደራርበው የሚነሱት ምስሎች) ከኒውክሊየሱ በታች ሳይወርድ ቆሟል። ሲናፕሶቹ የሚበዙት ከኒውክሊየሱ ጎንና በታች ነው፤ ስታኩ ከሴሉ አናት ጀምሮ ሪበን መታየት እስከሚያቆምበት ድረስ መውረድ አለበት፣ ከዚያም ጥቂት ማለፍ።

63 እጥፍ የዘይት ሌንስ፣ ኑሜሪካል አፐርቸር 1.4፣ በጥልቀት 0.25 ማይክሮሜትር እርምጃ። በአንድ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ስታክ አንሺ፣ እያንዳንዱ ከ8 እስከ 10 የውስጥ ፀጉር ሴል የሚይዝ። ቻናሎቹ ተራ በተራ ይነሱ እንጂ አብረው አይሁን፤ አረንጓዴው ወደ ቀዩ ቢፈስ ሐሰተኛ ጥምር ይፈጥራል። ብርሃኑ ጣሪያ ነክቶ የነጣ ቦታ እንዳይኖር፤ ሁለት ተጠጋግተው ያሉ ሪበኖች ከነጡ አንድ ይሆናሉ። ኒውክሊየሱ ቢነጣ ግድ የለም፣ ሌዘሩን በሪበኖቹ አስተካክዪ። ባለብዙ ቀለም ማይክሮ ዶቃ ስላይድ ላይ አድርገሽ ቻናሎቹ በጥልቀት ምን ያህል እንደሚዛነፉም ለኪ። ሪበኑና ተቀባዩ የሚራራቁት ከዚህ መዛነፍ በታች ስለሆነ ሳይታረም ከቀረ ጥምሩ በሙሉ ይፈርሳል።

ስለ ቆጠራው፦ ሪበኖቹን ሶፍትዌር ይፈልግ፣ አሚራም ሆነ ኢማሪስ፣ ጥምሩን ግን ዓይን ያረጋግጥ። በእያንዳንዱ ሪበን ዙሪያ 1 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ቆርጠሽ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ በትንንሽ ምስል ደርድሪያቸው። አንድ በአንድ ስታያቸው ተቀባይ ያለውና የሌለው ቁልጭ ብሎ ይለያል። የሶፍትዌሩን ወለል (ከዚህ በላይ የደመቀው ይቆጠር የሚባልበትን ልክ) ለእያንዳንዱ ምስል እያየሽ አትቀያይሪ፤ ደንቡን አንዴ በጥቂት ጤነኛ ኮክሊያዎች ላይ ወስኚና ዝጊው። የፋይሎቹን ስም ሌላ ሰው በኮድ ይቀይርልሽ። የምትቆጥሪው የትኛው ቡድን እንደሆነ ካወቅሽ እጅሽ ሳታስቢው ያዘነብላል።

የስታኩን ጠቅላላ ለሴሎቹ ቁጥር አካፍዪ። ግማሹ ብቻ ከምስሉ ውስጥ የገባ ሴል ግማሽ ነው። በስታቲስቲክስ ላይ ደግሞ ናሙናሽ እንስሳው ነው፤ የአንድ እንስሳ ሁለት ጆሮ ሁለት ናሙና አይደለም፣ 20 ሴልም 20 ናሙና አይደለም።


ነርቭ_ወ፦

ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን ሥራው የሚሄድበት አቅጣጫ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ማህሌት «በኤቢአር ደህና ይሰማሉ» ብለሻል። ይህ ስለ ሲናፕስ ቁጥር የሚነግርሽ በጣም ትንሽ ነው።

በ2009 ኩጃዋና ሊበርማን አይጦችን ለ2 ሰዓት በ100 ዴሲቤል፣ ከ8 እስከ 16 ኪሎኸርዝ ባለው ጩኸት ውስጥ አስቀመጡ። በሳምንታት ውስጥ የመስማት ወለሉ (የሚሰማው በጣም ደካማ ድምፅ) ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ፀጉር ሴሎቹም በሙሉ ነበሩ። በከፍተኛው ድግግሞሽ ክፍል ግን ከሲናፕሶቹ ግማሽ ያህሉ ጠፍተው ቀሩ። የነርቭ ሴሎቹ አካል የሚሞተው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ በጋንግሊዮኑ (የነርቭ ሴሎቹ አካል በተሰበሰበበት) ውስጥ ሴል በመቁጠር ብቻ ይህን ጉዳት ማየት አይቻልም ነበር። ወለሉ የሚለካው በጣም ደካማ ድምፅ ስለሆነ ለዚያ ጥቂት ክሮች ይበቁታል። ሹክኔክትና ዎልነር በ1955 የድመትን የመስሚያ ነርቭ በከፊል ቆርጠው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነገር አሳይተዋል፤ ብዙ ክር ከተቆረጠ በኋላም ወለሉ ብዙም አልተነካም።

ከኤቢአሩ ውስጥ ከሲናፕስ ጋር የሚሄደው የመጀመሪያው ሞገድ ቁመት ነው፣ ያውም በጠንካራ ድምፅ፣ 80 ዴሲቤል አካባቢ። ከጫፍ እስከ ሸለቆ ለኪው፣ በዚያው ድግግሞሽ ከቆጠርሽው ጥምር ጋር አስተያዪው። ወለሉ የተመለሰ፣ የውጭ ፀጉር ሴሎቹን ሥራ የሚለካው ዲፒኦኤኢም የተመለሰ፣ ሞገዱ ግን ዝቅ ብሎ የቀረ እንስሳ ካገኘሽ ያኔ ሲናፕሱን መጠርጠር ትክክል ነው። ዲፒኦኤኢው ካልተመለሰ ሞገዱ ለምን እንደወረደ መለየት አትችዪም፤ ወደ ውስጥ ፀጉር ሴሉ የሚደርሰው ንዝረት ራሱ ቀንሷል።

ሌላም አለ። ጠቅላላ ቁጥሩ ከሴሉ በየትኛው ጎን እንደጎደለ አይናገርም። ሊበርማን በ1978 በድመት የመስሚያ ነርቭ ላይ ክሮቹን ያለ ድምፅ በሚያወጡት ምት ሦስት ከፈላቸው፤ በሰከንድ ከ0.5 በታች፣ ከ0.5 እስከ 18፣ ከ18 በላይ። በ1982 ደግሞ የእነዚያን ዓይነት ክሮች አንድ በአንድ ቀለም ሞልቶ እስከ ፀጉር ሴሉ ድረስ ተከተላቸው። ዝምተኞቹ ቀጭን ሆነው ሴሉን በዘንጉ በኩል፣ በሞዲዮለሱ ጎን፣ ሲይዙ፣ ንቁዎቹ ወፍራም ሆነው በፒላር ሴሎቹ በኩል ይይዛሉ። የአካል ጥናት ከክሩ ሥራ ጋር እንዲህ አንድ ለአንድ ሲገጥም ማየት ብርቅ ነው፣ ዛሬም የምንቆመው በዚያ ሥራ ላይ ነው።

በአይጥ ላይም በሞዲዮለሱ ጎን ሪበኖቹ ተለቅ፣ የግሉኤ2 ጠብታዎቹ አነስ ይላሉ፤ በፒላሩ ጎን ተቃራኒው ነው። ይህ ለአንቺ ቀጥተኛ ጉዳይ አለው። ቀለምሽ ሲደክም መጀመሪያ ከዓይን የሚጠፉት ትንንሾቹ የግሉኤ2 ጠብታዎች ናቸው፣ እነሱም በሞዲዮለሱ ጎን ያሉት። ከጩኸት በኋላም ይበልጥ ተጎጂ ናቸው የሚባሉት የዚሁ ጎን ክሮች ናቸው። ደካማ ቀለም የጩኸትን ጉዳት አስመስሎ ይሠራል ማለት ነው፣ በቦታም ጭምር። ስለዚህ ጤነኛውና የተጋለጠው እንስሳ በአንድ ቀን ይቀለሙ፣ ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ ሳህን።


ማህሌት_ኒ፦

ይህኛው አስደነገጠኝ፣ እስካሁን ቡድኖቹን ለየብቻ ነበር የማቀልመው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ሌሊቱን ፊክስ ሆነው ያደሩና ኢዲቲኤ ውስጥ ያሉ ኮክሊያዎች አሉኝ። ልጣላቸው?


ዶ/ር_ሂስቶ፦

አትጣያቸው። ኢዲቲኤውን አሁን አቁሚና በፒቢኤስ አጥበሽ በ4 ዲግሪ አቆያቸው። ለሪበን ቆጠራ፣ ለፀጉር ሴል ቆጠራና ለርዝመት መለኪያ ይሆናሉ፤ መንጠቆዋን አለማጣት የምትለማመጂውም በእነሱ ላይ ይሁን። የተጣመሩትን ግን ከእነሱ ላይ አትቁጠሪ፣ ከአዲሶቹ ጋርም በአንድ ሠንጠረዥ አታስገቢ። ለአዲሶቹ በእያንዳንዱ እንስሳ ስም ሥር አምስት ነገር ጻፊ፦ ከሞት እስከ ፊክስ ያለው ደቂቃ፣ ፊክስ ውስጥ የቆየበት ሰዓት፣ ኢዲቲኤ ውስጥ የቆየበት ቀን፣ የቁራጮቹ ጠቅላላ ርዝመት፣ የብቸኛ ሪበኖች መቶኛ። የመጨረሻው ጤነኛ እንስሳ ላይ ከፍ ካለ ያንን ኮክሊያ ከቆጠራው አውጪው፣ ኮዱ ከመፈታቱ በፊት።